በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዋልታ በረዶ መቅለጥ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጸሐፊው ባሕር ላይ የሚንሳፈፈውንና የብስ ላይ የተከመረውን በረዶ አንድ ላይ ጨፍልቀውታል። በረዶ የተንሳፈፈበትን ብርጭቆ እስከ አፉ ውሃ ሙሉት፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው አይፈስም። የሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ በረዶም ቢቀልጥ የባሕሩን ከፍታ እምብዛም አይጨምርም። (ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው፤ ነጩ ገጽ ሲጠፋ ጥቁሩ ውሃ የፀሐይን ሙቀት ይውጣል።) የግሪንላንድ ግግር ግን የብስ ላይ ስላረፈ፣ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር በ7 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ የአንታርክቲካው ደግሞ ከ50 ሜትር በላይ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ላርሰን ቢ ነው። ይህ የአንታርክቲካ ተንሳፋፊ በረዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው አካሉ በሳምንታት ውስጥ ተፈረካከሰ። መጀመሪያ የቀለጠው ውሃ በላዩ ላይ ኩሬ ሠራ፤ ከዚያም ስንጥቁን እየሰረሰረ ወረደ። እሱ ራሱ ባሕሩን አልሞላም። ነገር ግን ከኋላው ያሉትን የየብስ ግግሮች ደግፎ ይዞ ነበርና፣ እሱ ሲወድቅ እነሱ ወደ ባሕር የሚወርዱበት ፍጥነት በእጥፍና ከዚያም በላይ ጨመረ። በቀጣዩ እትም ይህን ብታብራሩልን ደስ ይለኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ