ሰኞ ሐኪሙ ጋ ከመሄድሽ በፊት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ መስተዋት ፊት ተገትራ ትውላለች። ለአያቴ ላኪልኝ ብላ ፎቶ ተነሥታለች፤ እልክልሻለሁ።

ያንቺንም ፎቶ እህቴ በቴሌግራም ላከችልኝ። አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ድድሽ ሥር፣ ጥርሱ ላይ ያለችው ሮዝ ነጥብ ትል አይደለችም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን የጥርስ ሐኪሜን ጠየቅኳት። ሰውነት ራሱ የጥርሱን ሥር ከውጭ በኩል እየበላው ሊሆን ይችላል አለችኝ። ሮዝ የሚመስለው የተበላውን ቦታ የሞላው ሥጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ እስኪነካ አያምም። ስለዚህ "ምንም አላመመኝ" ብለሽ እንዳትተዪው።

ቶሎ ብለሽም አታስነቅዪው። መጀመሪያ ስካን ተነሺ፤ ተራ ራጅ ጥልቀቱን በደንብ አያሳይም። ብዙ ካልገባ ድዱን ከፈት አድርገው ያን ሥጋ ይጠርጉና ጉድጓዱን ይሞሉታል። ነርቩ ጋ ከደረሰ ሩት ካናልም ይሠራል፤ ነርቩን አውጥተው ውስጡን ይሞሉታል ማለት ነው። ሥሩን ይዞ ወደ ታች ከወረደ ግን መንቀል ሊመጣ ይችላል። ስለ ገንዘቡ አታስቢ፣ ልኬያለሁ። ጠዋት ስኳርሽን ተለኪ። የደም ማቅጠኛውን ኪኒን ይዘሽ ሄደሽ አሳዪው፤ በራስሽ ግን እንዳታቆሚው።

ሐኪሜ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጥርሱ ድሮ ተመትቶ ያውቃል ወይ? ከዓመታት በኋላ እንዲህ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ያንቺም ሐኪም ጠይቆሽ "ኧረ በፍጹም" አልሽው አሉ።

እማዬ፣ ያን ሌሊት አልተኛሁም ነበር። በማግስቱ ነጠላሽን አፍሽ ላይ ጣል አድርገሽ ቡና ስታፈዪ ነበር። ለጎረቤቶቹ ከደረጃ ወደቅኩ አልሻቸው። የምን ደረጃ? እኔንም እንደዚያ በዪ አልሽኝ፣ አልኩ። አባዬ ካረፈ በኋላም ያንኑ እያልኩ ነው። እሱን አፈሩ ይቅለለው። እኔን የሚያንገበግበኝ እንዲያ አድርጎሽ አሁንም የምትሸፍኚለት መሆኑ ነው። አሁን ደግሞ በገዛ ጥርስሽ!

እህቴ ያኔ አልተወለደችም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ሰኞ ለሐኪሙ ጥርሱ ተመትቶ እንደነበር ንገሪው። ማን እንደመታሽ መናገር የለብሽም። ከከበደሽ ደውዪልኝና ስልኩን ስጪው፣ እኔ እነግረዋለሁ። እዚህ ሌሊት ነው ብለሽ እንዳትተዪ፣ አነሣለሁ።

ልጅሽ