ባልየው ሌላ ክፍል ይቆይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ባለትዳር ሴቶች ኑሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ቅር አሰኘኝ። የሴትየዋን ኑሮ የለካችሁት በቤቱ ገቢ፣ በባሏ ሥራና በልጆቿ ቁጥር ነው። እሷን ማን ጠየቃት?

የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮን ጥራት የሚለካው ባለጉዳዩን ራሱን በመጠየቅ ነው። አጭሩ መጠይቁ 26 ጥያቄ አለው። በእንቅልፍሽ ረክተሻል? ለሚያስፈልግሽ ነገር የሚበቃ ገንዘብ አለሽ? ለመዝናናት ጊዜ ታገኛለሽ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣል፤ የእንቅልፉ 1 ከሆነ «ጭራሽ አልረካሁም» ማለት ነው።

ይህን ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት የዞርኩበት ጊዜ ነበር። አንዷን ስጠይቃት ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል። የገንዘቡን ጥያቄ ሳነብ ቀና ብላ እሱን አየችው። «ምንም አልጎደለብንም» አለ እሱ። «አዎ፣ ምንም» አለች እሷም። መዝናናት ላይ ስደርስ ሳቀች። ጭኗ ላይ የልጆች ልብስ ነበር፤ እየሳቀችም ማጠፏን አላቆመችም። ለሳቅ ደግሞ ቁጥር የለውም። «3 በይው» አለችኝ። እንቅልፉንም እንደዚያው 3 አልነው።

በር ድረስ የሸኘችኝ ብቻዋን ነበር። «የእንቅልፉን 1 አድርጊው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ተመልሳ ገባች።

የቤቱ ገቢ ይህን አያሳይም። ደህና ገንዘብ የሚገባበት ቤት ውስጥ ለራሷ ጫማ ለመግዛት ባሏን የምታስፈቅድ ሴት አለች። ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ ማን ይነሣል? የታመመችውን አማት ማን ያስታምማል? የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ለቤትና ለእንክብካቤ ሥራ ከሚውለው ሰዓት 76.2 በመቶው የሴቶች ነው። ደመወዝተኛም ብትሆን ቤት ስትገባ ሁለተኛው ፈረቃ ይጠብቃታል። (ባሎች አትቀየሙኝ፤ የኔም ባል ይህን ጋዜጣ ያነባል።)

ስለዚህ ጉዳዩን መልሳችሁ የምታነሱት ከሆነ ሴቶቹን ለየብቻ አነጋግሯቸው። ስለ ገቢው ከመጠየቃችሁ በፊትም ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ስንት ጊዜስ እንደተነሡ ጠይቋቸው።

የዘወትር አንባቢያችሁ