ባሕር አጠገብ ለምትኖረው ጓደኛዬ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሰሚራ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እንደምን አለሽልኝ? እናትሽና ወንድሞችሽስ ደኅና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ወደ ጅቡቲ ከሄዳችሁ በኋላ ስልካችሁ ተቀይሮ ድምፅሽን ሳልሰማ ብዙ ጊዜ አለፈ። ሰሞኑን ግን አክስትሽን ቀፊራ ገበያ አገኘኋቸውና አባትሽ ዛሬም ወደብ ላይ እንደሚሠሩ፣ ልጃቸውም በቅርቡ በባቡር ወደ እናንተ እንደሚመጣ ስለነገሩኝ ይህን ደብዳቤ በእርሱ እጅ ልኬልሻለሁ። በመካከሉ የሆነውን ሁሉ ልጻፍ ብል ወረቀት አይበቃኝም። ስለዚህ ሌላውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ከትምህርቱ መጀመሪያ ጀምሮ ልቤን ስለያዘው አንድ ጉዳይ ብቻ አጫውትሻለሁ፤ ጉዳዩም ከምትኖሪበት ከተማ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ውስጥ ያለ ነው።

ዘንድሮ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆኛለሁ። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ እንስሳት አመዳደብ ሲያስተምሩ ኮራልን ከጄሊፊሽ ጋር በአንድ ወገን መድበው ባሳዩን ዕለት፣ አብዛኞቹ የክፍላችን ልጆች ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላቸው ስለነበር ብዙ ጥያቄ ተነሣ። ኮራል ግን እንስሳ ነው። አንዱ ፍጥረት ፖሊፕ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሰውነቱ ለስላሳ ከረጢት ነው፤ አፉ ወደ ላይ ይከፈታል፤ በአፉ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ክንዶችም የሚናደፉ ሕዋሳት ስላሏቸው ሌሊት ሌሊት በአጠገቡ የሚያልፉትን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ያጠምድባቸዋል። ከባሕሩ ውኃ በሚያገኘው ንጥረ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት እየሠራ ከሥሩ ድንጋያማ መቀመጫ ያበጃል። አንዱ ፖሊፕ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እየተከፈሉ ሲበዙ በሐረር ጁገል ውስጥ እንዳሉት ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተጋጥመው ይኖራሉ፤ አሮጌው መቀመጫ ከታች ሲቀር አዲሱ በላዩ ይታነጻል። ሪፍ የሚባለው ይህ ሥራ ለሺህ ዓመታት ሲደራረብ የሚፈጠረው ነው።

በያዝነው ኅዳር ወር በሰሎሞን ደሴቶች ባሕር ውስጥ 34 ሜትር ስፋትና 32 ሜትር ርዝመት ያለው፣ እጅግ ብዙ ፖሊፖች ተያይዘው የሠሩት አንድ ኮራል መገኘቱ ተነግሯል፤ በተገኘበት ጊዜ ከታወቁት ነጠላ ኮራሎች ሁሉ ትልቁ እርሱ ሲሆን ዕድሜውም ወደ 300 ዓመት ተገምቷል። የድሬዳዋ ከተማ ባቡሩን ተከትላ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 መሆኑን ስታስቢ፣ ያ እንስሳ ከእኛ ከተማ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞ ማደግ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ዜና ከሰማሁ በኋላ ለብዙ ቀናት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ፖሊፑ ብቻውን የሚኖር አለመሆኑ ነው። በሥጋው ውስጥ፣ ያውም በራሱ ሕዋሳት ውስጥ፣ አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተክል መሰል ፍጥረታት ተጠልለው ይኖራሉ። ፖሊፑ መጠለያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከራሱ የሚወጣውን ትርፍ ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል፤ እነርሱ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን ይመልሱለታል። የኮራሉ ቀለም በአብዛኛው የሚመጣው ከእነርሱ ነው፤ ሪፍ የሚሠሩ ኮራሎች ብርሃን የሚደርስበትን ጥልቀት የሌለውንና የጠራውን ውኃ የሚመርጡትም ስለ እነርሱ ሲባል ነው። ሰሚራ፣ ይህን ነገር ቆም ብለሽ አስቢው። ሞቃታማው የጠራ ባሕር ምግብ የሚጎድለው ባሕር ነው፤ ውኃው የሚጠራውም በውስጡ የሚንሳፈፍ ነገር ትንሽ በመሆኑ ነው። ነገር ግን በዚያ ድሃ ውኃ መካከል፣ ከውቅያኖስ ወለል አንድ መቶኛውን እንኳ በማይሞላ ስፍራ ላይ፣ ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች አንድ አራተኛ የሚሆኑት ኑሯቸውን ከሪፍ ጋር አያይዘዋል። የዚህ ሁሉ ብልጽግና መሠረት በአንዲት ፖሊፕና በአልጌዎቿ መካከል ያለው መደጋገፍ ነው።

ከዓሣዎቹ ስለ ሁለቱ ብቻ ልንገርሽ። ፓሮትፊሽ የሚባለው በጠንካራ መንቁሩ ከኮራሉ ላይ አልጌውን ከነድንጋዩ እየቦጨቀ ይበላል፤ ድንጋዩ በጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ተፈጭቶ ነጭ አሸዋ ሆኖ ይወጣል። በሞቃታማ ባሕሮች ዳር ካለው ነጭ አሸዋ ብዙው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ሁለተኛው ክሎውንፊሽ ነው፤ አኔሞኒ በሚባለው፣ ሌላውን ዓሣ በሚናደፈው የኮራል ዘመድ ክንዶች መካከል ያለ ሥጋት ይኖራል፤ ከዝርያዎቹ አንደኛው ደግሞ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ማለትም በእናንተ ሰፈር የሚገኘው ነው። በአንድ አኔሞኒ ላይ ካሉት ሁሉ ትልቋ ሴቷ ናት፤ እርሷ ስትሞት ባሏ የነበረው ወንድ ወደ ሴትነት ተለውጦ ቦታዋን ይይዛል።

አሁን ወደ እኛው ምድር ልመለስ። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያሉት ኮረብቶች፣ የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያለበት ወገን ጭምር፣ የኖራ ድንጋይ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ድንጋዩ የተፈጠረው ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ በጁራሲክ ዘመን፣ ይህ ምድር በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ዛጎል የነበራቸው ፍጥረታት ሲሞቱ ቅሪታቸው ከባሕሩ ጭቃ ጋር ተነባብሮ ድንጋይ ሆነ። የኖራ ድንጋይ ሁሉ ሪፍ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ይህን መለየት የሚችሉት ድንጋዩን በማጉያ መነጽር የሚመረምሩ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን ያ ድንጋይና የኮራሉ መቀመጫ በአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር የተሠሩ ናቸው። ከኮረብታው ግርጌ ያነሣሁትን ድንጋይ ፈቅፍቄ በዱቄቱ ላይ ሎሚ ስጨምቅበት ትንንሽ አረፋ እያወጣ ተፍለቀለቀ፤ በአሲዱ ኃይል ከድንጋዩ ተለይቶ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ይህች ትንሽ ሙከራ ስለ ዛሬው ባሕር ብዙ አስተማረችኝ። ከፋብሪካና ከመኪና ጭስ ወደ አየር ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ አራተኛ ያህሉ በባሕር ውስጥ ይሟሟል፤ በዚህም ምክንያት የባሕሩ ገጽ ፒኤች፣ ማለትም ሲያንስ አሲዱ መብዛቱን የሚያሳየው መለኪያ፣ ከኢንዱስትሪው ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ከ8.2 አካባቢ ወደ 8.1 ገደማ ዝቅ ብሏል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በዚህ መለኪያ የአንድ ቁጥር መቀነስ የአሥር እጥፍ ጭማሪ ማለት ስለሆነ የአሲዳማነቱ ጭማሪ 30 በመቶ ያህል ይደርሳል። ባሕሩ እንደ ሎሚ አሲድ አልሆነም፤ ይሁን እንጂ ኮራሉ መቀመጫውን የሚያንጽበት ካርቦኔት እየቀነሰ ስለሚሄድ ግንባታው ይዘገያል።

ሙቀቱ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳል። እኛ የድሬ ልጆች በግንቦት ሐሩር ያደግን ስለሆንን የአንድ ዲግሪ ልዩነት ከቁም ነገር የምንቆጥረው አይደለም። ለኮራል ግን ውኃው በአካባቢው ከሚታወቀው የሞቃት ወራት ከፍተኛ ሙቀት አንድ ዲግሪ ብቻ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹ ጎጂ ኬሚካል ማመንጨት ስለሚጀምሩ ፖሊፑ ከሰውነቱ ያስወጣቸዋል። ያን ጊዜ ሥጋው ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ከሥሩ ያለው ነጭ መቀመጫ ይታያል፤ መንጣት የሚሉት ይህንን ነው። የነጣ ኮራል ወዲያው አይሞትም፤ ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘለት አልጌዎቹ ተመልሰው ያገግማል፤ ሙቀቱ ከጸና ግን በረኃብ ይሞታል። በዓለም ዙሪያ የደረሰ መንጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ በ2010 እንዲሁም ከ2014 እስከ 2017 ተደግሟል፤ አራተኛው መድረሱም በሚያዝያ 2024 በይፋ ተነግሯል። በአውስትራሊያ 2,300 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ታላቁ ሪፍ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2024 ብቻ አምስት ጊዜ በብዛት ነጥቷል። የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ከሪፎች ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት እንደሚጠፉ፣ በ2 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ እንደሚጠፉ የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል (አይፒሲሲ) ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ዘገባ ጽፈዋል። ይህን ያነበብሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ተስፋ የሚሰጠው ወሬ የመጣው ከእኛው ጎረቤት ከቀይ ባሕር ነው። በሰሜን ጫፍ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች ሌሎቹን የሚያነጣ የሙቀት ጭማሪ ችለው ታይተዋል። ሳይንቲስቶች ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ እንዲህ ነው፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የዓለም ባሕር በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለነበር ቀይ ባሕር ከመጠን በላይ ጨዋማ ሆነ። በኋላ ውኃው ሲመለስ ኮራሎቹ እንደገና የገቡት በባሕሩ ደቡባዊ በር በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው፤ ወደ ሰሜን ለመድረስ በጣም ሞቃት የሆነውን ደቡባዊውን ክፍል ትውልድ በትውልድ ማለፍ ስለነበረባቸው ያለፉት ሙቀት የሚችሉት ብቻ ሆኑ። ያ በር ደግሞ ከምትኖሪበት ከተማ ብዙም አይርቅም።

ይህን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ልቀጥልበት እንደምፈልግ ለአጎቴ በነገርኋቸው ጊዜ ባሕር በሌለው አገር የባሕር ትምህርት ምን ይሠራል ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ከፍቅር የመጣ መሆኑን ስለማውቅ ተረጋግቼ መለስሁላቸው፤ ለአንቺም ያንኑ እጽፍልሻለሁ። በአፋር በደናክል ዝቅተኛ ምድር ዳርቻ፣ በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ፣ ቀይ ባሕር እስከዚያ ድረስ ገብቶ በነበረበት ዘመን ያደጉ የኮራል ሪፎች ዛሬም በደረቅ መሬት ላይ ቆመው ይታያሉ። በኤርትራ ጠረፍ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ፣ አብዱር በተባለ ስፍራ ደግሞ 125,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ሪፍ ውስጥ ሰው የጠረበው የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል፤ የዚህ ምድር ሰዎች ያን ጊዜ በባሕር ዳር ይኖሩ ነበር ማለት ነው። እነዚህን ሪፎች አንብቦ የሚተረጉም ሰው ለምን ሁልጊዜ ከሩቅ ይመጣል? ከበርሊን የመጡት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የቀይ ባሕርን ፍጥረታት ሲሰበስቡ ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ፤ ጓደኛው ኤረንበርግ ግን ሥራውን ቀጥሎ ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ጻፈ። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ከባሕሩ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለን እኛም ድርሻ ሊኖረን ይገባል። ደግሞም ዳርዊን ስለ ሪፎች አፈጣጠር እ.ኤ.አ. በ1842 ያሳተመውን ሐሳብ መጀመሪያ ያፈለቀው በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሳለ፣ እውነተኛ ሪፍ በዓይኑ ከማየቱ በፊት እንደነበር ራሱ ጽፏል። አጎቴ ይህን ከሰሙ በኋላ እንዲያውም የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሻል መጠየቅ ጀምረዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ የምለምንሽ ነገር አለኝ። አባትሽ ሲመቻቸው ወደ ሙሻ ደሴት በጀልባ እንዲወስዱሽ ጠይቂያቸው። የውኃ መነጽር አድርገሽ ከላይ ሆነሽ ተመልከቺ፤ ኮራሉን በእጅሽ አትንኪው፤ በእግርሽም አትቁሚበት፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያድግ ዓይነት ስላለ አንድ እርምጃ የብዙ ዓመት ሥራ ይሰብራል። ቅርንጫፍ ያለውንና ድቡልቡሉን ለይተሽ ጻፊልኝ፤ ነጭ ሆኖ ያየሽው ካለም በላዩ አረንጓዴ ነገር በቅሎበት እንደሆነ አስተውዪ፤ አልጌ የለበሰው ብዙ ጊዜ የሞተው ነውና። ዛጎልና የደረቀ ኮራል የሚሸጡ ሰዎች ቢያጋጥሙሽ ለእኔ ብለሽ አትግዢ። ወሩም ኅዳር ስለሆነ ዌል ሻርክ የሚባለው ከዓሣዎች ሁሉ ትልቁ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣበት ጊዜ ነው፤ የሚመገበው ፕላንክተን የሚባሉትን በውኃ የሚንሳፈፉ ደቃቃ ፍጥረታትና ጥቃቅን ዓሣ ስለሆነ ሰው አይበላም፤ ዓሣ አጥማጆቹን ብትጠይቂ የት እንደታየ ይነግሩሻል።

መልስሽን የአክስትሽ ልጅ ሲመለስ በእርሱ እጅ ላኪልኝ፤ አዲሱን የስልክ ቁጥርሽንም ጨምሪበት። በትምህርት ቤት ሳለን ከሁላችንም የተሻልሽ ሠዓሊ ስለነበርሽ ያየሽውን በቀለም ሥለሽ ብትልኪልኝ ለመምህራችን አሳያቸዋለሁ። ለእናትሽና ለአባትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እህትሽ
ሕይወት