መቀመጫ ያስፈቀደችው ሴት

እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ?

የእናትሽን ዕረፍት ሰምቼ አልደወልኩም። ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ። ከዚያ ደግሞ እፍረቱ ያዘኝ። በሞቴ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናለቅሳለን። አሁን ግን የቸገረኝ ነገር አለ።

የልጆቼ ትምህርት ቤት ወላጆች ለትምህርት ቦርድ ተወዳደሪ ብለው ይዘውኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ክፍል አለቃ ልሁን ብዬ እንድነሣ ከኋላ የገፋሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ የዚህም ጣጣ ይመለከትሻል!

እንደምታውቂው ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው። አንድ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ስለዚህችው ስለምኖርባት የአሜሪካ ግዛት፣ ስለ ዩታ ሳነብ ማርታ ሂዩዝ ካነንን አገኘኋት። በ1897 (በፈረንጅ ነው) ለሴት ሠራተኞች አሠሪው መቀመጫ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አስወጥታለች። መቀመጫ! እግሬን እያየሁ አለቀስኩ።

ከዌልስ በሕፃንነቷ መጥታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ እንደገቡ አባቷ ሞተ። ጋዜጣ ቤት የማተሚያ ፊደል ለቃሚ ሆና ሠራች። በ1880 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀች። ከዚያ ሦስት ሚስቶች ላሉት ለአንገስ ካነን አራተኛ ሚስት ሆነች። ይህ በሕግ ያስከስስ ስለነበር፣ በባሏ ላይ እንዳትመሰክር ጨቅላ ልጇን ይዛ እንግሊዝ አገር ተሰደደች።

በ1896 ለዩታ ሴኔት ስትወዳደር እሷ ዴሞክራት ናት። በሪፐብሊካኖቹ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ባሏ አለ። እሷ አለፈች፣ እሱ ወደቀ። በመላው አሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የግዛት ሴናተር ሆነች። የጤና ቦርድ እንዲቋቋም፣ መስማትና ማየት የተሳናቸው ልጆች እንዲማሩ ታግላለች። እኔን ግን የያዘኝ ያ ማታ ነው። የምርጫው ውጤት የተሰማበት ማታ። እራት ላይ ምን ተባባሉ? አንድ ቤት አልነበሩም ይሆናል፣ ግን አንድ ቀን መተያየታቸው አይቀርም። ምን አላት?

የኔው ባል «አንቺ ካልሽ እሺ» ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ዕቃ ያጥባል። ቀድሞ የታጠበውን ብርጭቆ ደግሞ ያጥባል። እኔ ቆሜ ጀርባውን አያለሁ። እሱ ስብሰባ የሚወድ ሰው አይደለም፣ ስማችን ሰው አፍ እንዲገባ አይፈልግም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመሸነፍ ይልቅ ማሸነፉ ነው የሚያስፈራኝ። ማርታ ሴኔት እያለች በ1899 ሦስተኛ ልጇን ወለደች። በዚያ ሰበብ ባሏ ተከሰሰ። የእሷም ፖለቲካ በዚያው አበቃ።

ሌላም ነገር ነበረ... ይቅር፣ በስልክ ይሻላል።

ሐውልቷን በ2024 ዋሽንግተን ካፒቶል፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ አቁመውላታል። ፎቶውን ለልጄ ሳሳያት «እማ፣ እሷም ሱቅ ትሠራ ነበር?» አለችኝ። ዶክተር ነበረች አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ መቀመጫው ለማን ነው?» አለች።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ደውይልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

ያንቺው