ከፍሪጁ ላይ ያነሳሽው ወረቀት

የኔ እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለፈው ያንን ወረቀት ከፍሪጁ ላይ ስታነሺው አኩርፌሽ ነበር። ዛሬ ልናዘዝ።

ያቺን ቀጭን የፓንኬክ መጽሐፍ ሰፈር ውስጥ ዕቃ ሲሸጡ አይቼ በ2 ዶላር ነው የገዛኋት። ሽፋኗ ላይ ያለችው ሴት ሻሽ አስራ ትስቃለች። «አክስት ጀማይማ» ይላል፤ የፓንኬክ ዱቄት ስም ነው። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃኗ አክስቴ ትዝ አለችኝና ቀድጄ ለጠፍኳት። አንቺ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ስድብ ነው» ስትይ፣ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉም ነገር ስድብ ይመስለዋል ብዬ አጉረመረምኩ።

ከሄድሽ በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳኝና ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የአሜሪካ ደቡብ ነጮች ድሮ በዕድሜ የገፋችን ጥቁር ሴት «አክስት» ይሉ የነበረው «ወይዘሮ» ላለማለት ነው! ወንዱንም «አጎት»። እኛ ሰው የምናከብርበት ቃል፣ እዚህ ክብር መንፈጊያ። ስሙ ራሱ የመጣው ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁር ከሚያላግጡበት መድረክ ነው። በድሮዎቹ ማስታወቂያዎች ላይ እንግሊዝኛዋን ሆን ብለው ሰባብረው ነው የሚጽፉት። እዚህ ጋ ቆምኩ። አነጋገሬን እየደገመ የሚስቅ አለቃ እንደነበረኝ ታውቂያለሽ።

ጀማይማን ሆነው መጀመሪያ የሠሩት ወይዘሮ ናንሲ ግሪን ይባላሉ። አንቱ ልበላቸው፣ ቢዘገይም። ኬንታኪ ውስጥ በባርነት ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ፓንኬክ እየጋገሩ ሕዝቡን ያጫውቱ ነበር። በ1923 መኪና ገጭቷቸው ሞቱ። መቃብራቸው ላይ ስማቸው የተጻፈው በ2020 ነው። ዱቄቱን የሚሸጠው ድርጅትም ሥዕሉን አነሳለሁ ያለው በዚያው ዓመት ነው፤ ስሙ የተቀየረው በ2021።

አንድ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ አገኘሁልሽ፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። የ1881 ነው። ያዘጋጁት አቢ ፊሸር፣ ከባርነት ወጥተው ሳን ፍራንሲስኮ የገቡ ባለሙያ ናቸው። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በቃላቸው እየነገሩ ነው ያስጻፉት። ርዕሱ ላይ ምን እንደሚል ገምቺ፦ «ወይዘሮ ፊሸር»! ብድግ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የሜሪላንድ ብስኩት አሠራር አለበት፣ የኛው ሜሪላንድ። ሊጡ እስኪለሰልስ ይደበደባል። የአሳማ ስብ ይገባበታል ይላል፤ እኔ በቅቤ ቀይሬዋለሁ፣ ወይዘሮ ፊሸር ይቅር ይበሉኝ። ትናንት ስደበድብ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ኮርኒሳቸውን አንኳኩብኝ። አልለሰለሰም። ቅዳሜ ስትመጪ አንቺ ትደበድቢዋለሽ።

እናትሽ