የሞት ምስክር ወረቀቱ የማይጠይቀው ሥራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለንደን በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ። በሥራ ላይ ስለሚደርስ ሞት ሲጻፍ ከፎቅ የወደቀው ወይም ማሽን የያዘው ይቆጠራል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ አልጋው ላይ የሚያርፈው ግን ከቁጥር ስለሚጎድል ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ሙቀትን ለመከላከል የሚውለው አስቤስቶስ የተባለ ቃጫማ ማዕድን ብናኙ ሳንባ ከገባ በኋላ በሽታው ከ20 እስከ 50 ዓመት ሊደበቅ ስለሚችል፣ ሰውየው ሲታመም ፋብሪካው ተዘግቷል፣ የሥራ ባልደረቦቹም ተበትነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ቦታ በአስቤስቶስ ሳቢያ በዓመት ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል፤ «ይገምታል» ያልኩት አብዛኛው ሞት በስሙ ስላልተመዘገበ ነው። የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃው ሜሶቴልዮማ የተባለው ካንሰር ቢያንስ አስቤስቶስን ያስጠረጥራል፤ ተራው የሳንባ ካንሰር ግን በማይክሮስኮፕ ቢታይም ከሲጋራ ይምጣ ከአስቤስቶስ አይናገርም።

ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው መርከብ በሚሠራበት ቦታ ለሦስት ዓመት የእንፋሎት ቧንቧ በአስቤስቶስ ሲሸፍኑ ቆይተው፣ ከዚያ እስከ ጡረታቸው አውቶቡስ ነዱ። በሳንባ ካንሰር ሲያርፉ የሞት ምስክር ወረቀታቸው ላይ የሰፈረው «የአውቶቡስ ሾፌር» የሚል ነው። ባለቤታቸው ቱታውን ከማጠባቸው በፊት ጓሮ አውጥተው ያራግፉት እንደነበር ለቅሶ ልደርስ በሄድኩ ጊዜ አጫውተውኛል፤ የእሳቸውን ሳንባ የሚጠይቅ መዝገብ ደግሞ ጭራሹኑ የለም።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሜሶቴልዮማ ሞት መዝገብ ብትይዝም፣ መነሻው የሞት ምስክር ወረቀት በመሆኑ ሐኪሙ ቃሉን ካልጻፈው ሟቹ አይቆጠርም። በእኔ ግምት ጣሊያን ትሻላለች፤ በ1992 አስቤስቶስን ከከለከለች በኋላ ያቋቋመችው ብሔራዊ መዝገብ የሆስፒታልን፣ የፓቶሎጂ (ከሕመምተኛው አካል የተወሰደ ናሙና የሚመረመርበት) ላቦራቶሪንና የሞት መዝገብን እያመሳከረ ሕመምተኞችን ይፈልጋል፤ ከዚያም ሕመምተኛውን ወይም ቤተሰቡን ከልጅነት ጀምሮ የት የት እንደሠራ ይጠይቃል።

ማመሳከሩ ግን ሲወራ እንደሚቀለው አይደለም። የእኛን ሰው ስም ብቻ ብንወስድ፣ «ገብረ ሥላሴ» አንዱ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ተለያይቶ ይጻፋል፤ የአባት ስም አንድ ጊዜ የመካከል፣ ሌላ ጊዜ የቤተሰብ ስም ይሆናል። በዚህ መልክ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ነው አንድ የጋራ መለያ ቁጥር የሚያስፈልገው። ምስጢር ይወጣል ለሚሉ፣ መዝገቦቹ ከተገናኙ በኋላ ስሙን አንሥቶ ለተመራማሪ መስጠት ይቻላል።

አገር ቤትም የፋይዳ ቁጥር እየተስፋፋ ስለሆነ፣ የጤና መዝገብ ቅጽ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች «ሥራ» ከሚለው መስመር ቀጥሎ «ከዚያ በፊትስ የት ሠሩ?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨምሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ለንደን