ከዳቦ ቤቱ ማዶ ስላለው አሮጌ ቤት፤ ለመንደራችን ከንቲባ

ክቡር ከንቲባ፣

የዚህን ደብዳቤ የፈረንሳይኛ ቅጂ ማዘጋጃ ቤት አስገብቻለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት እዚሁ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ አልዛስ ያሉ ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ያ ቤት ሊፈርስ ነው አሉ። መጀመሪያ ጠጋ ብዬ ያየሁት ቀን ሳቄ መጣ። ልስኑ ተገምሶ ከውስጥ ብቅ ያለው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጭቃና ጭድ! እኛ ጭቃ ቤት እያልን የምናፍርበትን እናንተ ኮሎምባዥ ብላችሁ ቱሪስት ትጠሩበታላችሁ። እርግጥ የእናንተ ምሰሶ ጥርብ የኦክ እንጨት ነው፤ ጭቃውን ከጭድ አቡክቶ የመረገው ሰው እጅ ግን ከአያቴ እጅ አይለይም፣ የጣቶቹ ፈለግ እንኳ እስካሁን አለ። እንጨቶቹ ላይ ደግሞ የሮማ ቁጥር ተቀርጿል። አናጢው መጀመሪያ መሬት ላይ ገጣጥሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ፈታትቶ ነው ያቆመው። እንዲህ ያለ ቤት እንደገናም ተፈትቶ ይተከላል፤ ኡንገርስሃይም ያለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የተከፈተው የአልዛስ ኤኮሙዜ የተባለው የአሮጌ ቤቶች ሙዚየም ከመፍረስ የተረፉ ቤቶችን የሰበሰበው በዚሁ ዘዴ ነው።

«በስብሷል» ይባላል። አዎ፣ ግን እርጅና ብቻውን አላበሰበሰውም። በኋላ ሰው የለሰነበት ሲሚንቶ ነው ጉዱ። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ አፍኖ ይይዘዋል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበላል።

ባለቤቱን አልወቅስም። ጣሪያ ያፈሳል፣ ጥገና ውድ ነው። የፎንዳሲዮን ዱ ፓትሪሟን፣ ማለትም የቅርስ ፋውንዴሽኑን፣ እውቅና ቢያገኝ ግን ለውጭ ግድግዳና ለጣሪያ ካወጣው ላይ ከሚታክስበት ገቢ ሊቀነስለት ይችላል። ይህንን የነገረው ሰው አለ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 የወጣው፣ ዛሬ በፈረንሳይ የቅርስ ሕግ ውስጥ የተጠቃለለው የታሪካዊ ቅርስ ሕግ የሚጠብቀው የተመዘገበውን ነው፤ ይህ ቤት አልተመዘገበም። መንደራችንም ጥበቃ የሚደረግለት ቀጠና ውስጥ ስለሌለ ባለቤቱ ለማፍረስ ፈቃድ መጠየቅ እንኳ የለበትም፤ የመንደሩ ምክር ቤት በመንደሩ ሁሉ የማፍረስ ፈቃድ ግዴታ ይሁን ብሎ ካልወሰነ በቀር። ሥልጣኑ አላችሁ። የምጠይቅዎት ይህንኑ ነው፦ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያስይዙት፣ ኤክስካቫተሩ ሳይቀድመን።

ለጥገናው ጭቃ የሚያቦካ ከጠፋ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የለኝም።